ገንዳ የገባ ደመወዝ

«ይቺ ሐሰተኛ ናት!» አለ በሬ ሻጩ ጎው፣ የወረቀት ገንዘቧን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ። «ዘቦቹን ልጥራ እንዴ?»

የሩይ ባል ዌይ ፊቱ አመድ መሰለ። የሐሰት ገንዘብ ይዞ የተገኘ አንገቱ ይቀላል። በሰሜን ድንበር ከሺያ መንግሥት ጦር ጋር ሁለት ዓመት ተዋግቶ፣ ግራ እጁን እዚያው ጥሎ ይዟት የመጣው ደመወዝ ይቺው አንዲት ወረቀት ናት። ያለ እሷ በሬ የለም፤ ያለ በሬ ደግሞ ዘንድሮ እርሻ የለም።

«አያ ጎው፣ ከጦር ሰፈር፣ ከከፋዩ እጅ ነው የተቀበልኳት።»

«ንጉሡ የብረቱን ሳንቲም ሁሉ ለጦር አፈሰሰውና ለእኛ ወረቀት ተረፈን። እሺ፣ ይሁን! ግን የመንግሥት ወረቀት እንዲህ ይሳሳል? እንዲህ ያለውንማ ልጄም ቤት ቁጭ ብሎ ያትመዋል።»

ሩይ ወረቀቷን ነጠቀችው። የዚሁ ገንዘብ ወረቀት በሚሠራበት ሥራ ቤት የዛፍ ልጥ መቀጥቀጥ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ወደ ፀሐይ ይዛ አየቻት፤ በእርግጥም ሳስታለች። የብዙ ሰው እጅ አልፋለችና ምን ይፈረድባታል? ቢሆንም ፈራች፤ በጣም ፈራች።

«እውነተኛዋ የዛፍ ልጥ ናት፤ ውሃ አይፈታትም። የቀርከሃ ከሆነች ግን ትሟሟለች» አለችና በሬው ከሚጠጣበት ገንዳ ውስጥ ዘፈቀቻት።

«አብደሻል እንዴ አንቺ!» ዌይ በቀረችው እጁ ክንዷን ያዘ።

«ዝም በል! አንተ ጦርህን ታውቃለህ፣ እኔ ወረቀቴን አውቃለሁ።»

እስከ ሃምሳ ቆጥራ አወጣቻት። ማኅተሙ ዳር ዳሩን ትንሽ ደበዘዘ እንጂ ጽሑፉ እንዳለ ነው። ጫፍና ጫፏን ይዛ ወጠር አደረገቻት፤ አልተበጠሰችም። አሁንም ጠበቅ አድርጋ ሳበቻት።

«ኧረ ተይ፣ ቀስ!» ጎው ጮኸ። «ገንዘቤን ልትበጥሺው ነው እኮ!»

ዌይ ከዘመቻ ከተመለሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብሎ ሳቀ። ጎውም ራሱን እያከከ የበሬውን ገመድ አቀበለው።

ወረቀቷ ግን ገና ውሃ ታንጠባጥባለች። እዚያ ሥራ ቤት እርጥቡን ወረቀት የሚያደርቁት የሞቀ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ነው። እዚህ ግድግዳ የለም። ሩይ ፀሐይ ያሞቀውን የበሬውን ጎን ዳሰስ ዳሰስ አደረገችና ወረቀቷን በመዳፏ እያለሰለሰች ለጠፈችበት። ሦስቱም ቆመው ይጠብቁ ጀመር። በሬው በተነፈሰ ቁጥር የዌይ ሁለት ዓመት ከፍ ዝቅ ይላል።