ከደረቱ በኩል የተቆረጠ

ልጆቼ፣ የኳስ ተጫዋቾች ካርድ ዋጋ መገመት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ሴት በዓለም ላይ አንድ ብቻ የታተመ ካርድ ይዛ መጣች። ከባሏ የመጨረሻ ማልያ፣ ከደረቱ በኩል የተቆረጠ ጨርቅ ተለጥፎበታል። ባሏ ሜዳ ላይ ወድቆ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው።

«አባባ፣ ልጃችን ከነገ ወዲያ የልብ ኦፕራሲዮን አላት። ዛሬ ካልሸጥኩት አበቃልኝ» አለችኝ።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» ብዬ ካርዱን ከታሸገበት ፕላስቲክ አወጣሁት። ጨርቁ ረጥቧል። እርጥበት የነካው ካርድ ደግሞ ዋጋው በግማሽ ይወርዳል።

«ውሃ አስነካሽው እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ከታሸገ ወዲህ ዛሬ ገና መከፈቱ ነው።» በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። «እሱ እንደሆነ ጫማውን እስኪያስር እንኳ በላብ ይጠመቅ ነበር።»

በጥጥ አደረቅሁት። የዋጋ ግምት ቅጹን መሙላት ስጀምር ተመልሶ ረጠበ። እሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና «አምላኬ፣ አሁንስ ምን ይዋጠኝ?» ትላለች።

አንጀቴን በላችው። እርጥበቱን እንዳላየሁ ላልፈው ቆረጥኩ። ጨርቁን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ የቅጹ መጨረሻ መስመር ላይ ደረስኩ። «ተጫዋቹ በሕይወት አለ ወይስ የለም?» ይላል። የሞተ ተጫዋች ካርድ እጥፍ ያወጣል፤ ከእንግዲህ ሌላ አይታተምለትማ።

«የለም» የሚለውን ላከብብ ስል፣ ከአውራ ጣቴ ሥር ጨርቁ ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ደግሞ ዝቅ አለ።

«አባባ፣ ይጻፉት እንጂ» አለችኝ።