አፍ የሌለው ሰርቨር

አባቷ እሷ በሠራችው መተግበሪያ ላይ ቅጹን ሞልቶ «ላክ» የሚለውን ተጫነና ስልኩን በሁለት እጁ ወደ ፊት ዘረጋው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ፣ በመዝገብ ቤቱ መስኮት ባለጉዳዮች ወረቀታቸውን ያቀብሉት የነበረው እንዲሁ ነበር።

«ማን ተቀበለኝ?»

«ሰርቨሩ ነዋ፣ አባዬ። ገብቷል።»

«ታዲያ አፍ የለውም? ሰው ቆሞ ይጠብቃል እኮ።»

ልትስቅ ብላ ተወችው። ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ መስኮት ሥር ሆና የምትሰማው ድምፁ ትዝ አላት። ኮምፒውተሯን ስባ ሰርቨሩ የሚመልሰውን አንድ መስመር ጻፈች።

«እስቲ ድገመው።»

ደገመው። ስልኩ ላይ «ቅጽዎ ደርሶኛል፤ ሐሳብ አይግባዎት፣ በሰላም ይግቡ» የሚል ወጣ። ይህን አባቷ በዚያ መስኮት ሠላሳ ዓመት ለሰው ሁሉ ሲለው ኖሯል፤ ለእሱ ግን ማንም ብሎት አያውቅም። «እግዜር ይስጥልኝ» አለና፣ ከኋላው ሰልፍ ያለ ይመስል፣ ፈጠን ብሎ ከወንበሩ ተነሣ።