የፊሽካዋ ምስክር

አንድ ወጣት ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሲቸገር ኖሮ፣ ቧንቧ አፍ ላይ ተገጥማ ውሃው ሊመጣ ሲል የምታፏጭ ትንሽ ፊሽካ ፈለሰፈ። ለሷ ብሎ ሥራውን ለቋል፤ የፈጠራ መብቷን ግን ገና አላስመዘገበም። ስለዚህ ገንዘብ እንዲያወጡላት ሊጠይቃቸው የሄደው ባለሀብት ፊት ቦርሳውን አቅፎ ተቀመጠና፣ «መጀመሪያ ለማንም እንደማይናገሩ ይፈርሙልኝ» አለ።

ባለሀብቱ ሳቁ። «አምጣው፣ እፈርማለሁ።»

«ያለ ምስክር አይሆንም ጋሼ።»

«ሾፌሬና ጸሐፊዬ አሉልህ።»

«ይቅርታ፣ የእርስዎን ሰዎች አላምንም።»

ራሱ ወርዶ፣ ሕንፃው ሥር ካሉት ሱቆች ሁለት የማያውቃቸው ሰዎች ለምኖ ይዞ ወጣ። ባለሀብቱ ፈረሙ። አንደኛው ምስክር፣ ልብስ ሰፊው፣ ምንም ሳይጠይቅ ፈረመ። ባርኔጣ ያደረጉት ሽማግሌ ግን እስክሪብቶውን መለሱለት።

«የኔ ልጅ፣ ያላየሁትን አልመሰክርም።»

ወጣቱ እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሰው በማግኘቱ ደስ አለው። ፊሽካዋን አውጥቶ ፈታታት፤ አየሩ በየት እንደሚገባ አሳየ፤ በአፉም ነፍቶ አስጮኻት። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ጠየቁ፤ አስረዳ። ደግመው ጠየቁ፤ ደግሞ አስረዳ። ከዚያ ፈረሙ። ባለሀብቱም፣ «ጎበዝ ነህ፤ ግን የኔ መስመር አይደለም» ብለው ሸኙት።

ደረጃው ላይ ሽማግሌውን አመሰገነ። «ለመሆኑ አባቴ፣ ሱቅዎ ምን ይሸጣል?»

«የቧንቧ ዕቃ። ቻይና እያሠራን እናስመጣለን።»

ባለበት ቆሞ ቀረ። «አባቴ፣ ፈርመዋል እኮ!»

«እንዴታ! እሳቸው ለማንም እንዳይናገሩ መስክሬያለሁ» አሉ ሽማግሌው ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ። «ጨዋ ሰው ናቸው፣ አይናገሩም። አታስብ።»