አታልቅሱ

የሚስቱ የሬሳ ሳጥን ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ወንጌላዊው መጽሐፍ ቅዱሱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። በበዴሳ ዙሪያ በየቀብሩ ለሐዘንተኛ ሲናገር የኖረው አንድ ቃል ነበር፦ «አታልቅሱ፣ ጌታ ብርታታችሁ ነው።» ዛሬም ሰዉ ያንኑ ቃል ከእሱ ይጠብቅ ነበር። መጽሐፉን ገለጠ፤ ፊደሉ ተደበላለቀበት። ጥርሱን ነከሰ። መዘምራኑ ዝማሬያቸውን አቁመው አዩት።

አንዲት አሮጊት በሰዉ መሃል አልፋ መጣችና መጽሐፉን ከእጁ ወስዳ ከደነችው። አምና በልጇ መቃብር ላይ ስትጮህ እሱ ራሱ ዝም ያሰኛት ሴት ነበረች። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

«ያን ቀን የዋጥኩት እንባ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም» አለችው በቀስታ። «ጌታ ብርታትዎ ነው፣ ወንጌላዊ። ያልቅሱ።»