እኔን ማለት ከቀረ ወዲህ

ጤፍ የምታክል መሣሪያ በየሰው አንገት ሥር ከተተከለች ወዲህ፣ «እኔን» ያለ ሰው የሌላውን ሕመም የምር ወደ ራሱ ይወስዳል። ስለዚህ ሰው ሁሉ አፉን ይዟል። ናርዶስ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ሲላጥ ሦስት ጎረቤቶች ቆመው አዩ፤ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

እናቷ ውብሪስት አቅፋ አስገባቻት። ቁስሉን በለብታ ውሃ አጠበችው። የልጅቷ ለቅሶ አላስችል ሲላት ጆሮዋ ሥር «እኔን» አለቻት። ለቅሶው ቧንቧ እንደዘጉት ቀጥ አለ። ናርዶስ የተላጠውን ጉልበቷን እንደ ሰው ዕቃ አየት አድርጋ ወደ ጨዋታዋ ሮጠች።

ውብሪስት ምንም ያልነካውን ጉልበቷን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ብቻዋን ቀረች። ባለፈው ሳምንት የልጇን የጆሮ ሕመም ወስዳ ነበር፤ እሱም ገና አልለቀቃትም። ለእሷ «እኔን» የሚሏት እናቷ ነበሩ፤ ካረፉ አራት ዓመት አለፋቸው።

ራት ስታቀርብ ማነከሷን ናርዶስ አየች።

«እማዬ፣ እግርሽን ምን ሆንሽ?»

«ደንዝዞኝ ነው።»

«አሞሻል አይደል? እኔ—»

ውብሪስት ትልቅ ጉርሻ አፏ ውስጥ ከተተችላት።

«አላምጪ» አለቻት፣ ሁለተኛውን ጉርሻ እየጠቀለለች።