ቀማሿ

«ታግዷል» የሚለው ቀይ ተለጣፊ ወረቀት በላብራቶሪ መርማሪዋ ጣት ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ፊቷ ያለው ካርቶን ለሕሙማን የሚታደል የካናቢስ ዘይት ነበር፤ የላብራቶሪ ምርመራው ግን ስቴቱ ከፈቀደው መጠን ያለፈ ፀረ ተባይ አግኝቶበታል። «ያለፈው እኮ ትንሽ ነው» አላት የካናቢሱ አብቃይ ድርጅት ወኪል፣ ያገሯ ልጅ። «ከንጹሁ ጋር ሚክስ አድርገን እናምጣውና ሪቴስት አድርጊው። ፔሸንቶች እየጠበቁ ነው። ማዘርሽም ጭምር።»

እናቷን ማንሳቱ አንገበገባት። ተለጣፊውን ካርቶኑ ላይ አሳረፈችና በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። ከዚያ እሱ እዚያው እንደቆመ፣ ፓይን ሌክ ከተማ ቤታቸው ወዳሉት እናቷ በቪዲዮ ደወለች።

«እማዬ፣ መድኃኒትሽ ዛሬም አይመጣም። የተባይ መርዝ ተገኘበት።»

«ማነው ያገኘው?»

«እኔ ነኝ። ያገድኩትም እኔው ነኝ።»

እናትየው በወጣትነታቸው በየሰርጉ ጠላ አሳላፊ ነበሩ፤ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ሳይቀምሱ ለአንድም እንግዳ ቀድተው አያውቁም። አሁን ያንኑ መዳፍ ወደ ካሜራው ዘረጉት። የፓርኪንሰን ሕመም የያዘው እጅ፣ ዘይቱ ካለቀባቸው ወዲህ መንቀጥቀጡ ብሶበት፣ ስክሪኑን ሞልቶ ተርገፈገፈ። ወኪሉ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ እናትየው፣ ድምፃቸው ላብራቶሪውን ሞላው። «እንግዲህ ቀማሿ አንቺ ነሽ። የኔ እጅ ይንቀጥቀጥ፣ ግዴለም። ያንቺ ብቻ እንዳይንቀጠቀጥ።»