ሠላሳ ስምንተኛው ጨዋታ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ በዛሬው ዕለት፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የሳሎናችን ጌም ማጫወቻ ከጎኑ የተሰካውን ሃርድ ዲስክ አላውቀውም ብሎ ክዷል። ሦስት ጊዜ ነቅዬ ሦስት ጊዜ ሰካሁት፤ ሦስት ጊዜ ካደው። ዶሮ አልጮኸም። የጮኸችው እህቴ ናት።

«የሚሸነፍ ሰው ዕቃ ይበላሽበታል» አለች፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ፣ እግሯን እኔ ባሸግኳቸው ካርቶኖች ላይ ዘርግታ።

እናቴ ለጉዞ የምለብሰውን ሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ነበር።

ሌላ ቀን ቢሆን ስቄ ባለፍኩት። ግን ሰኞ በሌላ ከተማ ሥራ እጀምራለሁ፤ ዕቃዬን የሚጭነው መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ለእናቴ ደግሞ ቃል ገብቻለሁ፦ በዚህ ጌም የጀመርነውን የኳስ ሊግ ሳልጨርስ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም። ሠላሳ ሰባት ቅዳሜ ተጫውተናል። ሠላሳ ስምንተኛውና የመጨረሻው ዛሬ ነው፣ እኔና እሷ ፊት ለፊት። በሁለት ነጥብ ትመራኛለች። በስፌት ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና ስትጠግን የኖረች ሴት፣ ጡረታ በወጣች በማግስቱ ጌሙ ውስጥ ቡድን አቋቁማ በረኛውን በቀድሞ አለቃዋ ስም ሰየመችው። ጎል በገባበት ቁጥር ሠላሳ ዓመት ሆዷ ውስጥ የከረመውን ሁሉ ትነግረዋለች።

ይህ ሁሉ፣ አለቃው ጭምር፣ ያለው እዚያ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው።

ኬብሉን በአዲስ ቀየርኩ። አላወቀውም። ከፊት ነቅዬ ከኋላ ሰካሁት። አላወቀውም። ማጫወቻውን አጥፍቼ፣ እንደ ሐኪም እጄን ወደ ኋላ አድርጌ አምስት ደቂቃ ከተንጎራደድኩ በኋላ አበራሁት። ምንም የተሰካ ነገር የለም አለኝ። ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት፤ እሱም እንዳላየ አለፈው። ፍላሽ ስሰካ ግን ሁለቱም ከሩቅ አገር እንደመጣ አክስት ተቀበሉት። እንግዲህ መሰኪያው ደህና ነው፣ ኬብሉ አዲስ ነው፣ የሃርድ ዲስኩም መብራት ቦግ ብሎ በርቷል። ሁሉም ነገር አለ፤ ዲስኩ ግን የለም። በዚሁ ጉዳይ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዲግሪዬ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሎ ቁልቁል ያየኝ ነበር።

እናቴን ምን ይመስልሻል ብዬ ጠየቅኋት። ደክሞት ይሆናል አለች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ። ማሽን እንደ ሰው ነው፤ ሲደክመው አይገፉትም፣ ያሳርፉታል። ለምን ያህል ጊዜ አልኳት። ጥቂት አሰበችና፣ እስከሚመጣው ወር ቢያርፍ አይጎዳውም አለች።

እህቴ እኔን ጠረጠረች፤ ሽንፈት ፈርቶ ነው ብላ ለእናቴ ከሰሰችኝ። እኔ እህቴን ጠረጠርኩ፤ ምክንያት ብፈልግላት ግን አጣሁ። እናታችንን የጠረጠረ የለም። ሊበላ እጁን የታጠበ ሰው ገበታ አይገለብጥም።

ስልኬ ጠራ። የጭነት መኪናው ሾፌር ነው። ቀጠሮ አክብሮ ስለማያውቅ ሰፈሩ ሁሉ «ነገ» እያለ የሚጠራው ሰውዬ፣ ዛሬ አንድ ሰዓት ቀድሞ በራችን ላይ ቆሟል። ትንሽ ጠብቀኝ አልኩት።

የቀረኝ የሃርድ ዲስኩን ሳጥን መክፈት ብቻ ነው። ትንሿን ካቻቢቴ ስጪኝ አልኳት እናቴን። ጠፍታለች አለች። በሠላሳ ዓመት አንዲት ብሎን ጠፍታባት የማታውቅ ሴት። ግር አለኝ፤ ግን እስካሁን ግር ያላለኝ ነገር ስላልነበረ ይህንንም ከሌሎቹ ጋር ደባለቅሁት። እህቴ የጥፍር መሞረጃዋን ወረወረችልኝ። በጫፉ ብሎኖቹን ነካ ሳደርጋቸው ሳይታገሉ ዞሩ።

ክዳኑ ተነሳ። ውስጡ መብራቷን የያዘች ትንሽ ሰሌዳ አለች። ከሷ ቀጥሎ፣ ዲስኩ መኖር በነበረበት ቦታ፣ ብረት ተኝቷል። ሳሳ ያለ፣ ዝም ያለ ብረት። በዲስኩ ቁመትና ስፋት ልክ የተቆረጠ፤ አራቱም ማዕዘን በሞረድ የተስተካከለ። እንዳይንኳኳ ጨርቅ ለብሷል፤ የጨርቁም ጠርዝ ተዘምዝሟል። የማሽን ዘይት ይሸታል። በእጄ መዘን መዘን አደረግሁት። ክብደቱ እንኳ ያው ነው።

እኔና እህቴ ብረቱን አየን። ከዚያ እናታችንን አየን።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ብረት።»

«ዲስኩስ?»

«ደህና ቦታ ነው።»

እህቴ ልትስቅ አፏን ከፈተችና ተወችው። እግሯንም ከካርቶኖቹ ላይ አወረደች።

ስልኩ እንደገና ጠራ፤ ማንም አላነሳውም። ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ቁልፉ ተተክሎ ካለቀ ቆይቷል፤ እናቴ ግን መርፌውን አሁንም ታስገባለች፣ ታወጣለች። እዚያች ቁልፍ ላይ ያለው ክር ለአሥር ሸሚዝ ይበቃል።

«እየመራሽ እኮ ነው» አልኳት። «እኩል ብንወጣ እንኳ ዋንጫው ያንቺ ነው። የሚያሸንፍ ሰው እንዲህ የሚያደርገው ለምንድን ነው? እስቲ ንገሪኝ።»

«አልነግርህም» አለች።